ሰማያዊውን ፓፍ ብቻውን መስጠት ይብቃ

ድንገት የሚነሳ አስምን ለማስታገስ የሚወሰዱ ፓፎች ሲወዳደሩ ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ የትኛው ቶሎ ይደርሳል የሚለው ነው። ደረቱ ታፍኖ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር እያለ፣ የሳበውን አየር መልሶ ማስወጣት ያቃተው ሰው ከዚህ ሌላ የሚጠይቀው ባይኖር አይፈረድበትም። ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና መድኃኒት የሚገዛው መሥሪያ ቤት ግን በዚሁ ጥያቄ ላይ ሊቆሙ አይገባም። ዋና ዋናዎቹ ፓፎች በፍጥነት የሚለያዩት በጥቂት ደቂቃዎች ነው። ትልቁ ልዩነታቸው የሚታየው ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ክረምት ገብቶ ጉንፋን በሚበረታበት ጊዜ። በዚህ ሚዛን ሲለካ በየኪሱና በየቦርሳው የሚገኘው ሰማያዊው ሳልቡታሞል፣ ብዙዎቻችን ቬንቶሊን የምንለው፣ ብቻውን ሲሰጥ ከባድ ጉድለት አለበት። ለአዋቂም ሆነ ለጎረምሳ የአስም ሕመምተኛ ያለ አጃቢ መድኃኒት መታዘዙም ሆነ መሸጡ መቆም አለበት የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ዓይነቶቹን በአጭሩ እንለያቸው። ሳልቡታሞል በእንግሊዝ ገበያ ላይ የዋለው በ1969 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአየር ቧንቧው ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ በአምስት ደቂቃ ገደማ ያላላል፤ ኃይሉ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ቴርቡታሊን የቅርብ ዘመዱ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ሌቫልቡቴሮል ከሳልቡታሞል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ብቻ ተነጥሎ የቀረበበት ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ለተጨማሪው ገንዘብ የሚመጥን ጥቅም ግን በግልጽ አልታየለትም። አይፕራትሮፒየም ቀስ ብሎ ስለሚጀምር በድንገተኛ ክፍል ከሳልቡታሞል ጋር ተደርቦ ይሰጣል እንጂ ብቻውን የሚታመኑበት አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ አንስተው ሊገዙት የሚችሉት ፕራይማቲን ሚስት ደግሞ አድሬናሊን ነው፤ የኦዞን ሽፋንን በሚጎዳው ጋዙ ምክንያት በ2011 መጨረሻ ከገበያ ወጥቶ በ2018 በሌላ ጋዝ ተመልሷል። ልብንም ስለሚነካካ የአስም ሐኪሞች አይመክሩትም። ቡናም ከዚህ ቤተሰብ አይርቅም፤ ካፌይን የቆየው የአስም መድኃኒት የቲዮፊሊን ዘመድ ስለሆነ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ይከፍታል፤ ሆኖም ሁለተኛ ሦስተኛ ጠጥቶ አስምን አክማለሁ የሚል ካለ ተሳስቷል። ከሁሉም የሚለየው ፎርሞቴሮል ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ማለትም ከሳልቡታሞል አይዘገይም፤ ኃይሉ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ስሙ የሚመሳሰለው ሳልሜቴሮል ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ለድንገተኛ ማስታገሻነት አይውልም። ፎርሞቴሮልም ቢሆን ለአስም ብቻውን መሰጠት የለበትም፤ ዋጋ የሚኖረው ቡዴሶናይድ ከተባለው የብግነት መድኃኒት (የሚሳብ ስቴሮይድ) ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲቀርብ ነው። በንግድ ስሙ ሲምቢኮርት የሚባለው የዚህ ጥምረት አንዱ ምርት ነው።

የብግነት መድኃኒት ለምን አስፈለገ? አስም የጡንቻ መኮማተር ብቻ ስላልሆነ ነው። ከሥሩ ያለው የአየር ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ብግነት ነው፤ ሽፋኑ ያብጣል፣ ወፍራም አክታ ያመነጫል፣ ጭስም አቧራም ብርድም በቀላሉ ያስቆጡታል። ሳልቡታሞል ጡንቻውን ሲፈታ ይህን ብግነት አይነካውም። ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ወለሉን እየወለወሉ እንደ መኖር ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አውጪ ቡድን፣ በአጭሩ ጂና፣ ከዚህ የከፋ ነገርም ያነሳል። ሳልቡታሞል ያለማቋረጥ ሲወሰድ ጡንቻው ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፣ የአየር ቧንቧውም ለቀስቃሽ ነገሮች ይበልጥ ስሱ ይሆናል፤ ለውጡም በአንድና በሁለት ሳምንት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው አብዝቶ በሳበ ቁጥር አብዝቶ መሳብ ያስፈልገዋል። እፎይታው እውነተኛ መሆኑ ነው አደጋውን የሚሸፍነው፤ የማያሽር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛው ራሱ ወደ ሐኪም ይሮጥ ነበር።

ይህ ስጋት የዛሬ ግኝት አይደለም። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና ዌልስ፣ በኒውዚላንድና በሌሎች ጥቂት አገሮች በአስም የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር፣ በተለይም በወጣቶች ዘንድ፣ በድንገት አሻቀበ። ሲመረመር አገሮቹን የሚያመሳስላቸው ኢሶፕሬናሊን የተባለው ማስታገሻ መጠኑ ከፍ ተደርጎ መሸጡ ነበር፤ ያ ከፍተኛ መጠን ባልተሸጠባት በአሜሪካ ተመሳሳይ ማዕበል አልታየም። ከዚያም በ1976 በኒውዚላንድ ፌኖቴሮል የተባለ ኃይለኛ ፓፍ ገባ፤ የአስም ሞትም ወዲያው ከፍ አለ። የዌሊንግተን ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚያያይዝ ጥናት በ1989 ሲያወጡ የገጠማቸው ተቃውሞ ዛሬም የሚሰማው ነው፦ ኃይለኛ ፓፍ የሚታዘዘው ለባሰበት ሰው ስለሆነ የገደለው ሕመሙ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም ተባሉ። ተቃውሞው ተራ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ የበሽታውን ክብደት ከመድኃኒቱ ጉዳት መለየት በእርግጥም ከባድ ነው። ግን በዚያው ዓመት መንግሥት የፌኖቴሮልን አቅርቦት ሲገድብ የሟቾች ቁጥር በፍጥነት ወረደ። የኒውዚላንድ ሕመምተኞች አስማቸው በአንድ ዓመት ውስጥ በጅምላ አልቀለለም፤ የተለወጠው በእጃቸው የነበረው ዕቃ ነው።

ሳልቡታሞል ከእነዚያ ይሻላል፣ እርሱ ላይ አይፈረድም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአንድ መጠን ሲነጻጸር ከሁለቱም ይልቅ ልብን ያነሰ ይነካል። በልክ ሲወሰድም ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ የሚጀምረው የሕክምናው ሁሉ ምሰሶ ሲሆን ነው። እንግሊዝ ከ2012 እስከ 2013 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በአስም የሞቱ 195 ሰዎችን ታሪክ አስመርምራ ውጤቱን በ2014 አሳትማለች። የታዘዘላቸው የማስታገሻ ብዛት ከታወቀው ሟቾች ውስጥ 39 በመቶው በመጨረሻው ዓመታቸው ከአሥራ ሁለት ፍሬ በላይ ፓፍ ታዞላቸው ነበር፤ 4 በመቶው ከሃምሳ ፍሬ በላይ። ከግማሽ የሚበልጡት አስማቸው መለስተኛ ወይም መካከለኛ ነው ተብለው ይታከሙ የነበሩ ናቸው። 45 በመቶው የሞቱት የሕክምና እርዳታ ሳይጠይቁ ወይም እርዳታው ሳይደርስላቸው ነው። ሐኪም በነፃ በሚታይበት፣ አምቡላንስ በስልክ በሚመጣበት አገር ይህ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ገጠር የሚሆነውን መገመት አይከብድም። በሌላ በኩል በ2000 የወጣ የካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ጥናት በዓመት ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ ፍሬ የሚሳብ ስቴሮይድ በአስም የመሞትን አደጋ በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የመጀመሪያው መረጃ ስለ ማስታገሻው፣ ሁለተኛው ስለ ስቴሮይዱ ነው፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

ጂና በ2019 አዋቂዎችና ከ12 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ መከረ። ከሃምሳ ዓመት ልማድ ጋር የሚጋጭ ምክር ነው፤ ያለ ማስረጃ ግን አልመጣም። በ2018 የወጣውና ከ3,800 በላይ መለስተኛ አስም ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈው ሲግማ አንድ ጥናት ሲያስፈልግ ብቻ የሚሳበውን የቡዴሶናይድና የፎርሞቴሮል ጥምረት ከቴርቡታሊን ጋር አወዳድሮ፣ ከባድ የአስም መነሳትን በ64 በመቶ ቀንሶ አገኘው። በቀጣዩ ዓመት ኖቭል ስታርት የተባለው ጥናት ጥምረቱን በቀጥታ ከሳልቡታሞል ጋር አፋጠጠ፤ የአስም መነሳት በግማሽ፣ ከባዱ ደግሞ በ60 በመቶ ቀነሰ። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ሰው አስሙ ሲብስ ማስታገሻውን መሳቡ አይቀርም፤ በሳበ ቁጥር የብግነት መድኃኒቱ አብሮ ይገባል፣ ብግነቱ ሊነድድ በሚልበት በዚያው ቀን። ሕመምተኛው አዲስ ልማድ እንዲያወጣ አይጠየቅም። ይህን አሠራር ያሰበው ሰው የተረዳው አንድ ነገር ቢኖር ሕመም ያልተሰማው ሰው መድኃኒት እንደማይወስድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው ገንዘቡን ማን ከፈለ የሚለው ነው። የሲግማ አንድን ወጪ የከፈለው የሲምቢኮርት አምራች አስትራዜኔካ ነው፤ ኖቭል ስታርትንም በከፊል ደግፏል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም ፕራክቲካል የተባለውና በ2019 የወጣው ሌላው ጥናት የተካሄደው በኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ነው፤ 890 ሰዎችን ይዞ ጥምረቱን በየቀኑ ከሚወሰድ ቡዴሶናይድና ከቴርቡታሊን ጋር አወዳድሮ ከባድ መነሳት በ31 በመቶ ማነሱን አገኘ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በየቀኑ ስቴሮይድ መሳብ አይሻልም ወይ የሚለው ነው። በዕለት ተዕለት ምልክት ቁጥጥር ብቻ ከታየ አዎ፣ ሲግማ አንድ ራሱ በየቀኑ ስቴሮይድ የሚወስዱት በዚህ በኩል በመጠኑ እንደሚሻሉ አሳይቷል። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ግን በጥናት ውስጥ ያለ ሕመምተኛ በየጊዜው ስለሚታወስ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ በኑሮው ውስጥ ያለው ደህና ሲሰማው ይተወዋል፣ የተወውን ስቴሮይድ ደግሞ በሳልቡታሞል ይተካዋል። ሕመምተኛን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባው ከባዱ መነሳት ነውና እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እርሱን የሚቀንሰውን እመርጣለሁ።

በአገራችን የሚነሳው ዋናው ተቃውሞ ግን ዋጋና አቅርቦት ነው። ጥምር ፓፉ ከሳልቡታሞል ይወደዳል፣ በየፋርማሲውም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰማያዊውንም ለማግኘት የሚንከራተት ሰው ባለበት ስለ ተሻለው ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ፤ ለዚህም ነው ሳልቡታሞል ይታገድ የማልለው። ብቻውን አይሰጥ ማለትና ይጥፋ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥምሩ ባልተገኘበት ቦታ ሁለተኛ መንገድ አለ። ቤክሎሜታዞን የቆየና ርካሽ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ ሕመምተኛው ሳልቡታሞል በሳበ ቁጥር ከእርሱም አከታትሎ እንዲስብ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ከቸገረ ብልሃት ይልቃል። በ2022 የወጣው ፕሪፔር የተባለ የአሜሪካ ጥናት መካከለኛና ከባድ አስም ያለባቸውን 1,201 ጥቁርና የላቲኖ ዝርያ ያላቸው አዋቂዎች ይዞ፣ ከማስታገሻቸው ጋር ቤክሎሜታዞን እንዲስቡ ከማስተማርና ከመስጠት ብዙም ያልዘለለ እርምጃ ከባድ መነሳትን በ15 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ተሳታፊዎቹ ግን ቀድሞም በየቀኑ ስቴሮይድ የታዘዘላቸው ስለነበሩ ከምንም የጀመሩ አይደሉም። ስለ ዋጋው ሌላም መባል ያለበት አለ። ቡዴሶናይድም ፎርሞቴሮልም አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው፣ ጥምረታቸውን የህንድ ፋብሪካዎች ያመርቱታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ሂሳቡ መሠራት ያለበትም በአንድ ፍሬ ዋጋ ሳይሆን በዓመት ወጪ ነው፤ አንድ ሌሊት በኦክስጅንና በኔቡላይዘር ሥር የሚያድር ሰው፣ የቀረበት የሥራ ቀንና ያስታመመው ዘመድ ወጪ ተደምሮ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አስም ነበረባቸው ካላቸው 262 ሚሊዮን ሰዎች 455 ሺህ ያህሉ በሕመሙ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ የዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች ሰዎች ናቸው። ውድ ነው ተብሎ የሚቀረው መድኃኒት የሚቀረው ከእነዚሁ ነው።

ስቴሮይድ የሚለው ስም ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል ሲባል የተሰማው ሁሉ ለረጅም ጊዜ በሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ላይ እውነት ነው። የሚሳበው ግን በማይክሮግራም የሚለካና ባብዛኛው በዚያው በአየር ቧንቧው የሚቀር ነው። በሲግማ አንድ ሲያስፈልግ ብቻ ጥምሩን የሳቡት ሰዎች የቡዴሶናይድ የቀን መጠን መሃለኛ ቁጥር (ሚዲያን) 57 ማይክሮግራም፣ በየቀኑ እንዲወስዱ የታዘዙት ደግሞ 340 ነበር። ከሁሉም የሚያስቀው፣ የሚሳበውን ስቴሮይድ ፈርቶ የሸሸ ሰው አስሙ በተነሳበት ቁጥር በሆስፒታል የሚዋጥ ስቴሮይድ ለቀናት መቀበሉ ነው፤ የሸሸውን በብዙ እጥፍ ይወስዳል። ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ የአፍ ውስጥ ፈንገስንና የድምፅ መጎርነንን ይቀንሳል፤ የሚፈለገው ጥንቃቄ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ስለ ልጆች ማስረጃው ለረጅም ጊዜ ስስ ነበር። በ2025 ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ የኒውዚላንድ ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ጥምሩን የሳቡት ሳልቡታሞል ከሳቡት ይልቅ አስማቸው በ45 በመቶ ያነሰ ጊዜ መነሳቱን አሳይቷል። ከዚያ በታች ላሉ ሕፃናት ተመሳሳይ ነገር ለማለት ገና ነው፤ ለእነርሱ ሳልቡታሞሉ ይቀጥላል።

አሜሪካ በበኩሏ ሌላ መንገድ መርጣለች። ሳልቡታሞልንና ቡዴሶናይድን በአንድ ዕቃ ያጣመረውን ኤርሱፕራን በጥር 2023 ለአዋቂዎች ፈቅዳለች፤ መሠረት የሆነው የ2022 ጥናት ከሳልቡታሞል ብቻ ይልቅ ከባድ መነሳትን በ26 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። መድኃኒቱ አዲስ ስለሆነ ይወደዳል፤ እዚያ የሚኖርና መድን ያለው ሕመምተኛ ሐኪሙን ቢጠይቅ ሊያገኘው ይችላል፣ ለኢትዮጵያ ግን በቅርቡ መፍትሔ አይሆንም። ሐሳቡ ግን ከፎርሞቴሮሉ መንገድ ጋር አንድ ነው፦ ማስታገሻ የብግነት መድኃኒት ሳይዝ ወደ ሰው እጅ አይግባ።

የትኛውም ፓፍ ቢመረጥ ሳምባ ውስጥ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ በአፍ ውስጥ ተረጭቶ የሚቀረው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ድህነት ሰበብ አይሆንም። በ1999 በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ ተራ የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶና ዙሪያው በደንብ ተደፍኖ ሲያገለግል፣ አስማቸው ለተነሳባቸው ልጆች ከፋብሪካው ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል ከሚገባው ባዶ ዕቃ፣ እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ይህን ማሳየት ይችላል። በዱቄት መልክ የሚመጡት ግን ያለ ስፔሰር በኃይል የሚሳቡ ናቸው፤ ሁለቱን ማምታታት መድኃኒቱን ማባከን ነው።

መለወጥ ያለበት ሦስት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሳልቡታሞል ሲገዛ ተመጣጣኝ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ ይግዛ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም ወደ ጥምሩ ይሻገር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሁለቱንም ይሸፍን፤ ማስታገሻውን ብቻ የሚሸፍን መድን ሳያውቀው የድንገተኛ ክፍል ወጪውን ያበዛል። ፋርማሲስቱ ደግሞ በዓመት ሦስተኛ ሰማያዊ ፓፉን ሊገዛ የመጣን ሰው ሸጦ ከመሸኘቱ በፊት ስቴሮይድ ይወስድ እንደሆነ ይጠይቀው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ፍሬ መጠቀም ከከባድ መነሳት፣ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ደግሞ ከሞት ጋር እንደሚያያዝ ጂና ጽፏል። ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ የሚል መመሪያ ወረቀት ላይ ማኖር ቀላል ነው፤ በሌሊት የታፈነ ሰው ማዘዣ ፍለጋ እንዲዞር ማድረግ ግን ሌላ አደጋ ስለሆነ፣ ከክልከላ ይልቅ ጥያቄው ይሻላል።

ዛሬ በእጁ ሰማያዊው ብቻ ያለው ሰው ይህን አንብቦ መጣል የለበትም፤ ሌላ እስኪያገኝ ድረስ ማስታገሻው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ፍሬ እንደጨረሰ ቆጥሮ፣ ባዶዎቹንም ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድና የሚሳብ ስቴሮይድ ይጠይቅ። ጥምሩ ከታዘዘለትም ለአዋቂ በተለመደው መጠን በቀን ከ12 ጊዜ በላይ እንደማይሳብ ይወቅ። የትኛውንም ስቦ ትንፋሹ ካልተመለሰ፣ ወይም ተመልሶ አራት ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ካፈነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እየሳበ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ነገ እስኪነጋ አይጠብቅ።